«ለልጅሽ ስትይ ቻይው»፦ ጥቃት በወጣት እናቶች ላይ ትቶት ስለሚሄደው ጉዳት

በድሬዳዋም ሆነ በሐረር ባሏ የመታት ወጣት ሴት ልጇን አዝላ ወደ ወላጆቿ ቤት ስትመለስ፣ ከእናቷ፣ ከአክስቷ ወይም ከጎረቤት ሽማግሌ ብዙ ጊዜ የምትሰማው ቃል አንድ ነው፦ «ለልጅሽ ስትይ ቻይው»። ቃሉ ከክፋት የመጣ አይደለም። ከሚናገሩት ሴቶች ብዙዎቹ ራሳቸው ችለው ያለፉ ናቸው፤ ልጅ ያለ አባት እንዳያድግ፣ ልጅቱም ሕፃን ይዛ ጎዳና እንዳትወድቅ ይሰጋሉ። ነገር ግን ምክሩ የቆመበት ግምት፣ ማለትም እናት የቻለችው ነገር እናት ላይ ቀርቶ ልጁ ጋ አይደርስም የሚለው ግምት፣ ትክክል አይደለም። የጥቃት ጉዳት ሰንበሩ ከጠፋ በኋላም በእናቲቱ ሰውነት፣ በእንቅልፏ፣ በትዝታዋ፣ ጡት በምታጠባበት ሰዓት ሳይቀር ይቆያል፤ ልጁም ገና በማኅፀን ሳለ ይካፈለዋል። ይህ እንዴት እንደሚሆን በተቻለ መጠን በግልጽ ቋንቋ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ጥቃት ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ዱላን ነው። በወጣት እናቶች ላይ የሚደርሰው ግን ከዚያ ይሰፋል፦ ሳትፈልግ የግብረ ሥጋ ግንኙነት እንድትፈጽም ማስገደድ፣ ማስፈራራት፣ በሰው ፊት ማዋረድ፣ የአስቤዛ ገንዘብ መከልከል፣ ስልኳን መፈተሽ፣ ከቤተሰቧ ጋር እንዳትገናኝ ማድረግ፣ የወሊድ መከላከያ እንዳትወስድ ማገድ ሁሉ ጥቃት ነው። ከሐረርጌ ገጠር በደላላ አማካይነት ወደ ከተማ መጥታ በቤት ሠራተኝነት የተቀጠረች ልጅ፣ በአሠሪዋ ቤት ከሚኖር ወንድ ተገዳ አርግዛ ስትባረር የደረሰባት ጥቃት ከአንድ በላይ ነው፤ መጀመሪያ ሰውነቷ፣ ቀጥሎ እንጀራዋ፣ በመጨረሻም ወደ ቤተሰቧ የምትመለስበት መንገድ ተወስዶባታል።

የጉዳዩን ስፋት ለመገመት በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ይረዳል። በዚያ ጥናት መሠረት ከ15 እስከ 19 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ልጃገረዶች 13 በመቶዎቹ ወይ ወልደዋል ወይ የመጀመሪያ ልጃቸውን ፀንሰዋል። ባል አግብተው ከሚያውቁ ሴቶች ውስጥ ደግሞ 34 በመቶዎቹ ከባላቸው አካላዊ፣ ጾታዊ ወይም ስሜታዊ ጥቃት ደርሶባቸዋል። እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ግን ሌላው ቁጥር ነው፦ አካላዊ ወይም ጾታዊ ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች 66 በመቶዎቹ እርዳታ አልጠየቁም፣ ለማንም ሰውም አልተናገሩም። የዝምታው ምክንያት ሩቅ አይደለም። በዚያው ጥናት 63 በመቶ የሚሆኑት ሴቶች ምግብ ማሳረርን ወይም ሳይናገሩ ከቤት መውጣትን በመሳሰለ ቢያንስ በአንድ ምክንያት ባል ሚስቱን ቢመታ ተገቢ ነው ብለዋል። ራሷ ሴቲቱ ጥፋቷ ነው ብላ ካመነች፣ ለማን ሄዳ ምን ብላ ትከሳለች?

አሁን ወደ ሰውነት እንግባ። ሰው አደጋ ሲያጋጥመው አንጎሉ ውስጥ ያለችው አሚግዳላ የምትባል ትንሽ ክፍል የማንቂያ ደወል ሆና ታገለግላለች። አድሬናሊንና ኮርቲሶል የተባሉ ሆርሞኖች ወደ ደም ይለቀቃሉ፤ ልብ ይፈጥናል፣ ጡንቻ ይወጠራል፣ የምግብ መፈጨት ይዘገያል። ሰውየው ይሮጣል፣ ወይም ይታገላል፣ ሁለቱም ካልሆኑለት ደግሞ ደርቆ ይቀራል። ይህን የመጨረሻውን ምላሽ ማወቅ ይገባል፤ «ለምን አልጮህሽም?» ተብለው ከሚጠየቁት ልጃገረዶች ብዙዎቹ ያልጮኹት ሰውነታቸው ስለደረቀባቸውና ድምፃቸው አልወጣ ስላላቸው ነው። አደጋው ሲያልፍ ደወሉ ጸጥ ማለት ነበረበት። አደጋው በየማታው በር ከፍቶ የሚገባ ከሆነ ግን ደወሉ የሚያርፍበት ጊዜ አያገኝም፤ ውሎ አድሮም ምንም በሌለበት ሰዓት መጮኽ ይጀምራል።

በድሬዳዋ በአንድ ጤና ጣቢያ የክትባት ክፍል ተቀምጬ ያየሁት ይህንኑ ነው። ሙቀቱ ገና ከረፋዱ ስለበረታ በሩም መስኮቱም ተከፍቷል። ድንገት ነፋስ በሩን በኃይል ሲዘጋው ወረፋ የሚጠብቁት እናቶች ሁሉ ዘወር ብለው ወደ በሩ አዩ፤ አንዲት 17 ዓመት የሚሆናት ሺቲ ቀሚስ የለበሰች ልጅ ግን ወደ በሩ አላየችም። በቅጽበት ጎንበስ ብላ በሁለት ክንዷ የገዛ ራሷን ጭንቅላት ሸፈነች። ሕፃኑ ከጭኗ ሲንሸራተት አጠገቧ የነበሩት አማቷ ቀልበው ያዙት። ከወረፋው መካከል አንዲት ሴት «ልጅ ይዞ እንዲህ ይኮናል እንዴ?» አሉ። ልጅቱ አቀርቅራ የሻሿን ጫፍ ታጥፍና ትዘረጋ ጀመር። ነርሷ ከክትባቱ በኋላ ሊመጣ ስለሚችለው ትኩሳት ስትነግራት አንገቷን እየነቀነቀች ሰማች፤ ጥቂት ቆይታ የሚቀጥለው ቀጠሮ መቼ እንደሆነ ስትጠይቃት ግን አላስታወሰችም። የመለሱላት አማቷ ናቸው።

ያ የክንድ እንቅስቃሴ ከሐሳብ የቀደመ ነበር፤ ብዙ ጊዜ ተደጋግሞ ሰውነቷ የተማረው ነው። ቀጠሮውን አለማስታወሷም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ዘወትር አደጋን የሚጠብቅ አእምሮ ትኩረቱን የሚያውለው የሰውን ፊትና የእግር ኮቴ በመከታተል ላይ ስለሆነ፣ ለቀንና ለቁጥር የሚተርፈው ጥቂት ነው። ስለዚህ «ዝንጉ ናት»፣ «ቁጡ ናት»፣ «ለልጇ ግድ የላትም»፣ «ቀጠሮ አታከብርም» የሚባሉት ነገሮች ስንፍና ከመባላቸው በፊት አንድ ጥያቄ ሊቀድማቸው ይገባል ብዬ አምናለሁ፦ ይህች ልጅ ምን አሳልፋለች?

በወጣቷ ላይ ጉዳቱ ለምን ይከብዳል ለሚለው፣ አንዱ መልስ ሰውነቷ ገና እያደገ መሆኑ ነው። ስሜትን የሚገዛውና ነገን አስቦ የሚወስነው የአንጎል ክፍል ብስለቱን የሚጨርሰው በ20ዎቹ ዕድሜ አጋማሽ አካባቢ ነው። የዳሌ አጥንቷም ለመውለድ በሚበቃ መጠን ሳይሰፋ ሊሆን ይችላል፤ በዚህ ምክንያት ምጡ ሲታሰርና በወቅቱ ሕክምና ሳታገኝ ስትቀር የሕፃኑ ጭንቅላት የፊኛዋንና የብልቷን ግድግዳ ለረጅም ሰዓት ይጫነዋል፤ ደም ያጣው ሥጋ ሞቶ ቀዳዳ ይፈጠርና ሽንት ያለማቋረጥ ይፈሳል። ፊስቱላ የሚባለው ይህ ነው። ሕክምናው እንዳለ የማያውቁ ቤተሰቦች ልጅቱን ለብቻዋ ማደሪያ ሰጥተው ዓመታት ያሳልፋሉ፤ ሐምሊን ፊስቱላ የተባለው የሕክምና ድርጅት ግን በሐረር ማዕከል አለው፣ ሕክምናውም በነጻ ይሰጣል። በምሥራቁ የሀገራችን ክፍል ደግሞ የሴት ልጅ ግርዛት ከሀገር አቀፉ መጠን በላይ የተስፋፋ በመሆኑ፣ ብዙዎቹ ልጃገረዶች ወደ ትዳርና ወደ ምጥ የሚገቡት ቀድሞ በደረሰባቸው ጠባሳ ላይ ነው።

ስለ ምጥ ከተነሣ ጥቂት መቆየት እፈልጋለሁ፤ ስለ ጥቃት ሲወራ ይህ ቦታ ብዙ ጊዜ ይዘለላልና። ተገዳ የተደፈረች ልጅ የማዋለጃ አልጋ ላይ ስትወጣ የሚጠብቃትን እናስብ፦ በጀርባ መተኛት፣ እግርን መክፈት፣ የማታውቀው ሰው እጅ፣ ማምለጥ አለመቻል። ለሐኪሙ ይህ የተለመደ ምርመራ ነው፤ ለእሷ ሰውነት ግን ያ ቀን ዳግመኛ መጥቷል። ጭኗን ትገጥማለች፣ ትንቀጠቀጣለች፣ ወይም ፈጽሞ ድምፅ አታሰማም፣ ዓይኗን ጣሪያው ላይ ተክላ በዚያ እንደሌለች ትሆናለች። በዚህ ጊዜ ከአዋላጅ አፍ «ያኔ አላለቀስሽ፣ አሁን ምን ያስለቅስሻል?» የሚል ቃል ሲወጣ፣ ወይም ጭኗ በጥፊ ሲመታ፣ አዲስ ጥቃት ተጨምሮባታል። ብዙዎቹ ከዚያ በኋላ ለሁለተኛ ልጅ ጤና ተቋም ለመሄድ አይፈልጉም፤ ቤታቸው መውለድን ይመርጣሉ፣ አደጋውም ይጨምራል። ማስተካከያው ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ከመንካት በፊት ምን እንደሚደረግ መናገርና ፈቃድ መጠየቅ፣ «አቁሙ» ስትል ማቆም፣ በተቻለ መጠን የምታምነው ሰው አጠገቧ እንዲሆን ማድረግ፣ ከፈለገች በጎኗ እንድትሆን መፍቀድ ለብዙዎች ልዩነት ያመጣል።

ትዝታም እንዲሁ ይቆስላል። ተራ ትዝታን በቅደም ተከተል የሚያስቀምጠው ሂፖካምፐስ የተባለው የአንጎል ክፍል በከባድ ፍርሃት ጊዜ ሥራው ይታወካል። በዚህ ምክንያት የደረሰባት ነገር እንደ ተሰባበረ ሸክላ ቁርጥራጩ ይቀራል፦ የሽቶው ጠረን፣ ውጭ የቆመው ባጃጅ ድምፅ፣ የምንጣፉ ቀለም። ቀኑና ሰዓቱ፣ የቱ ቀድሞ የቱ እንደተከተለ ግን ሊጠፋባት ይችላል። ቃሏን በሰጠች ቁጥር ጥቂት የሚለያይ ነገር ብትናገር ይህ በራሱ የውሸት ማስረጃ አይሆንም፤ ቃል የሚቀበል መርማሪ፣ የሚሸመግል አባት፣ ምስክርነት የሚሰማ ዳኛ ይህን ቢያውቅ ብዙ እውነት ከመንገድ ባልቀረ ነበር።

ጥቃት የደረሰባት እናት ሕመሟን «ተጨንቄአለሁ» ብላ አትናገረውም። «ራሴን ይወቅረኛል»፣ «ልቤን ያፍነኛል»፣ «ሆዴን ያቃጥለኛል»፣ «እንቅልፍ እምቢ አለኝ» ትላለች። ምርመራ ተደርጎ ምንም ሳይገኝ ማስታገሻ ተሰጥቷት ትመለሳለች። ከዚህ በስተጀርባ ድባቴ (ዲፕረሽን) ሊኖር ይችላል፤ የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገልጸው ከባል ወይም ከፍቅረኛ ጥቃት የደረሰባቸው ሴቶች በድባቴ የመያዛቸው ዕድል ከሌሎቹ ወደ እጥፍ ይጠጋል። ወይም ደግሞ ከአደጋ በኋላ የሚመጣው የጭንቀት ሕመም ሊሆን ይችላል፤ ክስተቱ አሁን እየተፈጸመ ያለ ያህል ተመልሶ መምጣቱ፣ የሚያስታውሰውን ቦታና ሰው መሸሽ፣ በትንሽ ድምፅ መበርገግ፣ ይህም ከአንድ ወር በላይ መቆየቱ ምልክቶቹ ናቸው። ቤተሰብ ነገሩን ዛር ወይም ጂን ነው ብሎ ወደ ጠበል ሊወስዳት፣ ቁርአን ሊያስቀራላት ይችላል። በጸሎት መጽናናቷን ማንም ሊነፍጋት አይገባም፤ ግን ሕክምናውም አብሮ ይሂድ። «ሞቼ በተገላገልኩ» ማለት ከጀመረች፣ ወይም ልጇን እንዳትጎዳው ከፈራች፣ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል መወሰድ አለባት፤ ብቻዋንም አትተው።

በመድፈር ስለተፀነሰ ልጅ መናገር ከባድ ነው። አንዳንዷ እናት ልጁን ከሁሉም በላይ ትወደዋለች፤ አንዳንዷ ፊቱ ላይ የዚያን ሰው ፊት እያየች ትሸሸዋለች፤ ብዙዎቹ በአንድ ቀን ውስጥ ሁለቱም ይሰማቸዋል። ይህ መፈራረቅ ክፉ እናት አያደርጋትም፤ ልታፍርበትም አይገባም። የሚጎዳት ስሜቱን ለማንም መናገር አለመቻሏ ነው።

ወደ ልጁ እንምጣ። በእርግዝና ጊዜ የሚደርስ ዱላ የእንግዴ ልጅ ያለጊዜው እንዲላቀቅ፣ ፅንስ እንዲወርድ ወይም ምጥ ቀድሞ እንዲመጣ ሊያደርግ ይችላል። ያልተመታች ግን በፍርሃት የምትኖር እናትም ከፍ ያለ የኮርቲሶል መጠን ስለምትሸከም የፅንሱ ዕድገት ሊነካ ይችላል፤ የዓለም የጤና ድርጅት እንዳሳየው ጥቃት የሚደርስባቸው እናቶች ክብደቱ ዝቅተኛ የሆነ ሕፃን የመውለድ ዕድላቸው በ16 በመቶ ይጨምራል። ከወለደች በኋላ ደግሞ ወተት ከጡት እንዲፈስ የሚያደርገው ኦክሲቶሲን የተባለው ሆርሞን በድንጋጤ ጊዜ ይታገዳል። ወተቱ ጡቷ ውስጥ እያለ አልፈስ ይላል፤ ሕፃኑ ያለቅሳል፣ እሷ «ወተቴ ደረቀ» ትላለች፣ በቤቱም «ልጁን አስራብሽው» የሚል ሌላ ጭቅጭቅ ይነሣል። ጸጥ ባለ ቦታ፣ ማንም ሳይጮኽባት፣ ሕፃኑ በደረቷ ላይ ቆዳ ለቆዳ ተኝቶ ሲቆይ ብዙ ጊዜ ወተቱ ይመለሳል።

ልጁ እያደገ ሲሄድ የእናቱን ፊት አይቶ ዓለም ያስፈራል ወይስ አያስፈራም የሚለውን ይማራል። እ.ኤ.አ. በ1998 በአሜሪካ ታትሞ የወጣ አንድ ታዋቂ ጥናት፣ በልጅነታቸው እናታቸው ስትመታ ማየትን ጨምሮ ብዙ መከራ የደረሰባቸው ሰዎች በጎልማሳነታቸው ለድባቴ፣ ለሱስና ለልብ ሕመም ይበልጥ የተጋለጡ መሆናቸውን አሳይቷል። ይህ ዕጣ ፈንታ ነው ማለት ግን አይደለም። ልጅን ከሚጠብቁት ነገሮች ዋነኛው ቢያንስ አንድ የማይለወጥ፣ የሚያፈቅረውና የሚያረጋጋው አዋቂ ሰው ማግኘቱ ነው፤ ያ ሰው እናቱ እንድትሆን ደግሞ እናቱ ራሷ ደኅና መሆን አለባት። «ለልጅሽ ስትይ ቻይው» የሚለው ምክር የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ለልጁ ሲባል መደረግ ያለበት ጥቃቱን ማስቆም ነው።

«ታዲያ ለምን ጥላው አትወጣም?» የሚሉ አሉ። የት ትሂድ? ትምህርቷን ያቋረጠችው ከማርገዟ በፊት ወይም ባረገዘች ጊዜ ነው፤ በእጇ ገንዘብ የለም፤ የቤተሰቧ ቤት በሽማግሌ አስታርቆ ይመልሳታል። ከዚያም በላይ በጥናት የታወቀ አንድ ነገር አለ፦ አጥቂ ሰው ይበልጥ አደገኛ የሚሆነው ሴቲቱ ስትለየው ወይም ልትለየው መሆኑን ሲያውቅ ነው። ስለዚህ የምትቆየው አንዳንድ ጊዜ በሕይወት ለመቆየት አስልታ ነው፤ ለመውጣት ስትወስንም ገንዘብ፣ የልጁ የክትባት ካርድ፣ መታወቂያና የምትሄድበት ቤት ቀድሞ መታሰብ አለበት። አንገቷን ታንቃ የምታውቅ ከሆነ ይህ እጅግ ከከበዱት የአደጋ ምልክቶች አንዱ ነው። ምንም ሰንበር ባይታይ እንኳ መታነቅ ከሰዓታት በኋላ ለሞት ሊያደርስ ስለሚችል በፍጥነት ሐኪም ማየት አለባት።

ሕጉ ምን ይላል? በ1992 ዓ.ም. የወጣውና በድሬዳዋም የሚሠራበት የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ የጋብቻ ዕድሜን 18 ዓመት አድርጓል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ያለ ዕድሜ ጋብቻን በአንቀጽ 648፣ ጠለፋን በአንቀጽ 587፣ መድፈርን በአንቀጽ 620 ያስቀጣል፤ ጠላፊ ልጅቱን ቢያገባት ከቅጣት የሚያመልጥበት የቀድሞው ሕግ በር ተዘግቷል። በመድፈር የተፀነሰን ፅንስ በጤና ተቋም ማቋረጥም በአንቀጽ 551 የተፈቀደ ሲሆን፣ ለዚህ የሴቲቱ ቃል ይበቃል። አንድ ትልቅ ክፍተት ግን አለ፦ ሕጉ መድፈርን የሚተረጉመው ከጋብቻ ውጭ የሚፈጸም አድርጎ በመሆኑ፣ ባል በሚስቱ ላይ የሚፈጽመው አይካተትም። ያገባች ወጣት በየሌሊቱ የሚደርስባትን ነገር ስም ብትሰጠው እንኳ ሕጉ ያንን ስም አይቀበላትም።

ለሚያግዝ ሰው በመጀመሪያ የሚያስፈልገው የሰዓት ጉዳይ ነው። የተደፈረች ልጅ በ72 ሰዓት ውስጥ ከደረሰች ኤችአይቪን የሚከላከል መድኃኒት ትጀምራለች፤ ቶሎ በጀመረች መጠን ይሻላል። እርግዝናን የሚከላከለው የድንገተኛ መድኃኒት እስከ 5 ቀን ድረስ ይሠራል። የለበሰችውን ልብስ አታጥባው፣ በወረቀት ተጠቅልሎ ይያዝ። በድሬዳዋ ድል ጮራ፣ በሐረር ሕይወት ፋና ዋና የመንግሥት ሆስፒታሎች ናቸው። 72 ሰዓት ቢያልፍም፣ ዓመት ቢያልፍም መሄድ ዋጋ አለው፤ ድባቴም ሆነ ከአደጋ በኋላ የሚመጣ ጭንቀት በምክርና አስፈላጊ ሲሆን በመድኃኒት የሚሻል ሕመም ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ አጠያየቅ ነው። ድሬዳዋ ታላቁንም ታናሹንም «አንተ»፣ «አንቺ» ብላ የምትጠራ ከተማ ናት፤ ይህ ቅርበት ለከባድ ጥያቄ መልካም በር ይከፍታል። ችግሩ ከገጠር የመጣችው ልጅ ኦሮምኛ ወይም ሶማልኛ ተናጋሪ ስትሆንና አስተርጓሚዋ ባሏ ወይም አማቷ ሲሆኑ ነው። በእነሱ አፍ የሚያልፍ ጥያቄ እውነተኛ መልስ አያመጣም፤ አደጋም ሊያስከትልባት ይችላል። ሁልጊዜ ለብቻዋ፣ በራሷ ቋንቋ ትጠየቅ። ስትናገር አለማቋረጥ፣ «ለምን?» አለማለት፣ «ጥፋቱ ያንቺ አይደለም» ማለት፣ ያልፈለገችውን ዝርዝር አለመጎርጎር፣ ያለ ፈቃዷ ለባሏም ለሽማግሌም አለመንገር ያስፈልጋል።

ያን ቀን በክትባቱ ክፍል የነበረችው ነርስ ይህን ታውቅ ነበር። ሕፃኑ ተከትቦ ካበቃ በኋላ ወደ አማቲቱ ዞራ «እናቴ፣ የልጅቱን ካርድ ከካርድ ክፍል አምጪልኝ» አለቻቸው። አማቲቱ ሕፃኑን ለእናቱ ሰጥተው ወጡ። ነርሷ በሩን በእጇ ይዛ ድምፅ ሳታሰማ ዘጋችው፤ ወንበሯን ወደ ልጅቱ አስጠጋችና በኦሮምኛ ቤት ውስጥ የሚያስፈራት ሰው እንዳለ ጠየቀቻት። ልጅቱ የሻሿን ጫፍ እያጠፈች ብዙ ቆየች። ነርሷም ጥያቄውን ሳትደግም፣ ሰዓቷን ሳታይ፣ ዝም ብላ ጠበቀቻት።